ባሌ ሳሎን የተኛበት ዓመት

ባሌ ትራሱን ይዞ ወደ ሳሎን የወጣው ረመዳን ካለቀ በኋላ ነው። ምክንያቱን ሲነግረኝ ሳህን እያጠብኩ ነበር።

«ጠዋት ኤርፖርት የሚሄዱ ሰዎችን ማንሳት ልጀምር ነው። ስነሳ አንቺን እንዳልቀሰቅስሽ» አለኝ።

ደግ ምክንያት ነው። እኔም እሺ ብዬ ብርድ ልብስ ከቁም ሳጥን አወጣሁና ሶፋው ላይ አስቀመጥኩለት። ለጥቂት ቀን መስሎኝ ነበር። በጋው አለፈ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ እሱ ግን እዚያው ነው።

የምንኖረው ኢስት ኦክላንድ ውስጥ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ነው። አንደኛውን ክፍል ልጆቹ ይጋሩታል፤ ሴቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ስምንት። እኛ ክፍልና ሳሎኑ መሀል ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ጎረቤት ሲያስነጥስ እንኳ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። በቤታችን ጠብ አልነበረም። ምሳዬን እሱ ይቋጥርልኛል፣ ሸሚዙን እኔ እተኩስለታለሁ፣ ስለ ልጆቹ እናወራለን። ውጭ ላለ ሰው ምንም የጎደለ ነገር አይታይም። ልጆች ግን እንዲህ ያለውን ነገር አይተው አያልፉም። ወንዱ ልጅ አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ እንደ ልማዱ በእንግሊዝኛ፣ «የጓደኛዬም አባት መጀመሪያ ሶፋ ላይ ነበር የሚተኛው» አለ። እህቱ በጠረጴዛው ሥር በእግሯ መታችው። እኔ ያልሰማሁ መስዬ ወተቱን ወደ ፍሪጅ መለስኩ።

የማስበው ማንኛዋም ሴት የምታስበውን ነው። ከሁለተኛው ልጅ ወዲህ ወፍሬያለሁ። ጠዋት ስነሳ ፊቴ ያባብጣል፣ አፌ ይደርቃል፣ ራሴን እንደ መዶሻ ይመታኛል። መስታወት ፊት ቆሜ ራሴን ሳይ ባሌ ቢሸሸኝ አልፈርድበትም። ልጅ እያለሁ ደሴ፣ እናቴ ስለ አንዲት ጎረቤታችን «ባሏ ፊቱን አዞረባት» ስትል ሰምቻለሁ። የዚያን ጊዜ ሰውዬው በእውነት አንገቱን ያጠማዘዘ ነበር የሚመስለኝ።

ያን ሰሞን ደግሞ ባሌ እኔ ስተኛ አሮጌ ስልኩን ራስጌዬ ላይ አድርጎ ቁርኣን በቀስታ መክፈት ጀመረ። ዕድሜ ሲገፋ ሰው ወደ ዲኑ ይጠጋል ብዬ ምንም አላልኩትም።

ሥራዬ ሳን ሆዜ ነው፤ አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ውስጥ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ከኦክላንድ በባቡር እሄድና ከዚያ አውቶቡስ እይዛለሁ። ባቡሩ ላይ ቁጭ ካልኩ በቃ፣ የለሁም። ስሄድ ችግር የለውም፣ የምወርደው መጨረሻው ጣቢያ ላይ ስለሆነ አንዱ ይቀሰቅሰኛል። ስመለስ ግን ሰፈሬን አልፌ በርክሌይ የነቃሁበት ቀን አለ። ሥራ ቦታ ፎጣ እያጣጠፍኩ ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኛል። አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊት «ቤት ሌላ ሥራ አለሽ እንዴ?» ትለኛለች። የለኝም። የምተኛው እንደ ሕፃን በጊዜ ነው፤ የምነሳው ግን ድንጋይ ስሸከም እንዳደርኩ ሆኜ ነው።

ሐኪም ጋ ሄጄያለሁ። ደም ግፊት አለብሽ ብሎ ክኒን አዘዘልኝ። ስመለስ አልወረደም፤ ሁለተኛ ክኒን ጨመረልኝ። ጨው ቀንሺ፣ ክብደት ቀንሺ፣ ስትረስ ቀንሺ አለኝ። ጨውና ክብደት ይሁን፤ ስትረስ የሚቀነሰው በየት በኩል እንደሆነ አልነገረኝም። «በጣም ይደክመኛል» ስለው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ «ሁለት ልጆች፣ ረጅም መንገድ፣ ምን ይገርማል» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ያለው ነገር ልክ ስለመሰለኝ እኔም ተስማምቼ ወጣሁ።

ነገሩ ፍጥጥ ብሎ የወጣው ዕረፍት ቀኔ ላይ ነው። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አውጥቼ ወደ ቤት ስነዳ ቀይ መብራት ያዘኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የልጄን ጩኸት ነው። እግሬ ከፍሬኑ ላይ ተነስቶ መኪናዬ ቀስ ብሎ ሄዶ የፊተኛውን መኪና ገጭቶታል። ፀሐይ ነው፣ ቀትር አልፏል፣ ሁለቱ ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠዋል፣ እኔ መሪ ይዤ ተኝቻለሁ።

ከፊት መኪና የወረደው አንድ ሽበታም ጥቁር ሰውዬ ነው። ጎንበስ ብሎ መኪናውን አየ፤ ጭረት እንኳ አልነበረውም። ከዚያ ልጆቹን አየ። ከዚያ እኔን።

«የኔ እመቤት፣ ቤትሽ ሂጂና ተኚ» አለኝ።

ተኝቼ ነው የመጣሁት ልለው ነበር።

ማታ አባታቸው ሲገባ ልጄ ጫማውን እንኳ እስኪያወልቅ አልጠበቀችም። አማርኛ ትሰማለች እንጂ ብዙ አትናገርም፤ ያን ቀን ግን በአማርኛ «እማዬ መኪና ውስጥ ተኛች» አለችው። ባሌ እኔን አየኝ፣ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ የመኪናዬን ቁልፍ ከመስቀያው አንስቶ ኪሱ ከተተው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹን የሚያመላልሰው እሱ ሆነ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሰፈራችን ሪክሬሽን ሴንተር፣ ልጆች ስፖርት የሚሠሩበት አዳራሽ፣ ለጥቁር ባልና ሚስቶችና ለልጆቻቸው የጤና ፕሮግራም እንዳለ የነገረችን ልጃችን ናት። ትምህርት ቤት ሰምታ ነው የመጣችው። እኔን ለመውሰድ እንዳሰበች ገብቶኛል፤ አባቷን ግን ለማሳመን ጊዜ ወሰደባት።

«እሱ ለነሱ ነው» አለ ባሌ።

«ለማን?» አልኩት።

«ለጥቁር አሜሪካኖች። እኛ ሐበሻ ነን።»

ልጄ በእንግሊዝኛ «ዳዲ፣ ሐኪም ቤት ዘር ሲጠይቁህ የቱ ላይ ነው ምልክት የምታደርገው?» አለችው።

«‹ሌላ› የሚለው ላይ።»

ወንዱ ልጅ ከት ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ደምህ ግን ‹ሌላ› መሆንህን አያውቅም» አለችው። ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ ለባብሶ፣ ቁልፉን ይዞ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

አዳራሹ የቅርጫት ኳስ መጫወቻ ነው። ልጆቹ በአንደኛው ጫፍ ኳስ ሲያነጥሩ፣ ወላጆች በሌላኛው ጫፍ ወንበር ከበን ተቀመጥን። ፕሮግራሙን የሚመሩት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ነጭ ስኒከር ያደረጉ ሴት። ወንበር የሚደረድሩት፣ ፍራፍሬ የሚያቀርቡት ባላቸው ናቸው። እንደ እኛ ከውጭ የመጣ ሰው አላየሁም። ማንም ግን ከየት ናችሁ ብሎ አልጠየቀንም፤ ወንበር ሳቡልን፣ ተቀመጥን።

ነርሷ የደም ግፊት መለኪያ ለእያንዳንዱ ጥንድ አደሉና «ዛሬ እኔ ማንንም አልለካም። ባል ሚስቱን ይለካል፣ ሚስትም ባሏን» አሉ።

ባሌ እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰበው። ክንዴን ከያዘኝ ቆይቶ ነበር። ጨርቁን ሲጠቀልል ጣቶቹ ይጠነቀቃሉ፤ እንቁላል የያዘ ነው የሚመስለው። ማሽኑ አየሩን ሞልቶ፣ አስተንፍሶ ሲጨርስ ቁጥሩን አየና መለኪያውን ወደ ራሱ አዞረው፣ እኔ እንዳላይ።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«ትንሽ ከፍ ብሏል።»

ነርሷ በትከሻው በኩል አጎንብሰው አዩት። ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ። መድኃኒት እንደምወስድ ጠየቁኝ፤ ሁለት ዓይነት አልኳቸው። በትክክል እወስደው እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አንድም ቀን ዘልዬ አላውቅም። እንቅልፌን ጠየቁኝ።

«እንቅልፍ በደንብ እተኛለሁ። እንዲያውም ይበዛብኛል» አልኳቸው።

ይሄኔ እኔን ትተው ወደ ባሌ ዞሩ። «እሷ ስትተኛ አንተ ምን ትሰማለህ?»

ባሌ መለኪያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ፊቱ ሲቀላ አይቼ አላውቅም፣ ያን ቀን ጆሮው ድረስ ጋለ። እኔን አየኝና በአማርኛ «ልንገራቸው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«የማታውን።»

«የማታ ምን አለ?»

ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ «ታንኮራፊያለሽ» አለኝ። አሥራ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። «ማንኮራፋቱ ምንም አይደለም። ከዚያ በኋላ ዝም ትያለሽ። ትንፋሽሽ ይቆማል።»

ነርሷ አማርኛው እስኪያልቅ ጠበቁ። ባሌ በተሰባበረ ድምፅ በእንግሊዝኛ ደገመላቸው። ልጄ ውሃ ልትጠጣ መጥታ ከኋላችን ቆማ ኖሯል፤ «እኔም እሰማለሁ» አለች፣ «በግድግዳው በኩል።»

እዚያ አዳራሽ ውስጥ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሴት ልጅ፣ ያውም በሰው ፊት፣ ታንኮራፋለች ተብላ። ነርሷ ግን ፊታቸው ላይ ሳቅም ሐዘንም አልነበረም። ባላቸውን በእጃቸው ጠሩና «ንገራቸው» አሏቸው። ሽማግሌው የብርቱካን ሳህን እንደያዙ «እኔም እንደ ባቡር ነበርኩ። እንደምሞትባት ስታስብ ነው ዶክተር ጋ ጎትታ የወሰደችኝ። አሁን ስተኛ አየር የሚነፋልኝ ማሽን አለኝ» አሉ። ሌላ ነገር አላሉም፤ ሳህኑን ይዘው ወደሚቀጥሉት ጥንዶች አለፉ።

ነርሷ ሲሸኙን «ዶክተሩን ይደክመኛል አትበይው። ትንፋሼ ይቆማል፣ ባሌ አይቷል፣ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኛል በይው። ባልሽንም ይዘሽው ሂጂ፤ የሚመሰክርልሽ እሱ ነው» አሉኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጆቹ ከኋላ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገዋል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? ሴት ልጅ እንዲህ ትባላለች?»

«ሚስትህ ነኝ እኮ።»

«ለዚያ ነዋ። ብነግርሽ ታፍሪያለሽ። አፍረሽ ደግሞ እንቅልፍ ያጣሽ እንደሆነስ ብዬ።»

«የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር።»

መኪናውን ዳር ያዘ። የቆመው ጎማ ቤት ደጃፍ ላይ ነው፤ አንድ ሠራተኛ የምንፈልገው ነገር ያለ መስሎት መጣና፣ ፊታችንን አይቶ ተመለሰ።

«ወላሂ፣ እንደሱ አይደለም» አለ ባሌ። መጀመሪያ ወደ ሳሎን የወጣው በማንኮራፋቴ ድምፅ ምክንያት ነው፤ ሳይተኛ አድሮ ሰው አሳፍሮ መንዳት አስፈርቶት። ሳሎን ከገባ በኋላ ነው ዝምታውን የሰማው። ለታላቅ እህቱ ሲያትል ደውሎ ሲያማክራት፣ ጥላ ወድቆባት ይሆናል፣ ቁርኣን ክፈትባት አለችው። የስልኩ ነገር እሱ ነው። ሶፋውን ገፍቶ ግድግዳው ጋ ያስጠጋውም ለዚሁ ነው። «ድምፅሽ ሲጠፋብኝ ግድግዳውን እመታለሁ። ደንገጥ ትይና ትተነፍሻለሽ። ከዚያ እተኛለሁ።»

ያንን ድብደባ በእንቅልፍ ልቤ ሰምቼው አውቃለሁ። የላይኛው ፎቅ ሰዎች ናቸው እያልኩ ለአከራዩ ልነግርባቸው ሁሉ አስቤ ነበር።

ሐኪሙ ጋ አብረን ሄድን። ነርሷ እንዳሉኝ አልኩ። ሐኪሙ ከኮምፒውተሩ ዞረና ባሌን ጥያቄ በጥያቄ አደረገው፤ ምን ያህል ጊዜ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስትነቃ ታንቃ ነው ወይ። «ይህን ቀደም ብለሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። አላውቅማ፤ ሰው የራሱን እንቅልፍ አያይ። ቤት ወስጄ ጣቴና ደረቴ ላይ አድርጌ የማድርበት መመርመሪያ ተሰጠኝ። ውጤቱ ሲመጣ በእንቅልፌ መሀል ጉሮሮዬ እየተዘጋ፣ ልቤ አየር ፍለጋ ሌሊቱን ሙሉ ስትሮጥ እንደምታድር ነገሩኝ። ግፊቱንም አልወርድ ያስባለው አንዱ ይኸው ሊሆን ይችላል አሉ።

ያዘዙልኝ ማሽን ሲመጣ ግን ወዲያው ዳንኩ ብል ውሸት ነው። አፍንጫ ላይ የሚታሰር ጭምብል ነው፣ ከሱ የሚወጣ ረጅም ቱቦ አለው፣ አየር ይነፋል። ወንዱ ልጄ ሲያየው «ማሚ ኩምቢ አወጣች» አለ፤ ዝሆን ለማለት ነው። ሳቅን፣ እኔ ግን ሌሊት ሳላውቀው አውልቄ እጥለዋለሁ፤ ጠዋት አልጋ ሥር አገኘዋለሁ። ጉንጬ ላይ የማሰሪያው መስመር ቀርቶ ሥራ እገባለሁ፣ አሮጊቶቹ ምን ሆንሽ ይሉኛል። ተስፋ ቆርጬ ሳጥኑ ውስጥ መልሼ ያስቀመጥኩበት ጊዜም ነበር። ያወጣው ባሌ ነው። ጭምብሉን በሞቀ ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሌላ ልክ ያለው እንዲልኩልን ደውሎ፣ ማታ ማታ ማሰሪያውን ከኋላ እሱ ያጠብቅልኝ ጀመር። አጥብቆልኝ፣ ደህና እደሪ ብሎ፣ ወደ ሶፋው ይሄዳል። ልማድ ሆኖበት ነበር። ተመለስ ማለት እኔም አፈርኩ፤ ልመለስ ማለት እሱም አፈረ።

የመለሰችው እህቱ ናት። ልትጠይቀን ከሲያትል መጣች፤ ሶፋው ለእንግዳ ተለቀቀ። የመጀመሪያውን ቀን አልጋው ጫፍ ላይ፣ እንደ ተሳፋሪ ነው የተኛው። እህቱ በማግስቱ ቁርስ ላይ «ይሄ የሚነፋው ነገር ምንድን ነው?» ስትለው «መድኃኒቷ ነው። ጥላ አይደለም» አላት፣ ኮስተር ብሎ። እሷም «እኔ ምን አውቄ» አለችና ሻይዋን ጠጣች። ስትሄድ ብርድ ልብሱን አጣጥፌ ቁም ሳጥን ከተትኩት። ባሌም ወደ ሳሎን አልወጣም። ልጄ ብቻ፣ ጠዋት የክፍላችን በር ላይ ቆማ አየችንና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

አሁን ባቡር ላይ መጽሐፍ አነብባለሁ። ፊቴ ማባበጡ ቀርቷል። ሐኪሙ ከክኒኖቹ አንዱን ቀነሰልኝ፣ ሌላው አለ፤ ክብደቴም ያው ነው ማለት ይቻላል። ቁልፌ ተመልሶልኛል፤ ረጅም መንገድ ግን አሁንም ባሌ ነው የሚነዳው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ፕሮግራሙ እንሄዳለን። እሱን ስለካው የሱም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ «ያንቺ ተጋብቶብኝ ነው» አለ። አሁን መሀል ከተማ ያለውን ሐይቅ እየዞርን እንራመዳለን፣ ወንዱ ልጅ በብስክሌት ይቀድመናል። ባሌ ከነርሷ ባል ጋር ተወዳጅቷል፤ ሁለቱ ወንበር ሲደረድሩ ስለ ምን እንደሚያወሩ አላውቅም፣ ግን ብዙ ይስቃሉ። ሐኪም ቤት ዘር ሲጠይቁት የቱ ላይ ምልክት እንደሚያደርግም ጠይቄው አላውቅም።

በቅርቡ እኛ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ይዘን ሄድን። አማርኛቸው ከኔ ይጠራል። ሚስታቸው እንዲለኳቸው እምቢ ብለው ክንዳቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ደብቀው ተቀመጡ። «አባባ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«እሷን ጠይቂያት» አሉኝ። «እኔማ ተኝቻለሁ።»

ሚስታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወንበሬን ወደሳቸው አስጠግቼ፣ ቀስ ብዬ፣ «እማማ፣ ማታ እሳቸው ሲተኙ እርስዎ ምን ይሰማሉ?» አልኳቸው።